አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይፍረስ

ውብአለም ደውላ «ጋሼ ዘርይሁን፣ ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ አስራ አንድ ሰዓት ላይ እኛ ቤት እንገናኝ ብለዋል» ስትለኝ፣ «በእኛ ነው በፈረንጅ?» አልኳት። ሳቅ አለች፤ ለቅሶ ደጃፏ ላይ ቆሞ እንኳ ሳቅ አለች። «መርዶ በምሳ ሰዓት ይነገራል እንዴ? በእኛ ነው እንጂ፣ ሊነጋጋ ሲል» አለችኝ።

ቶሮንቶ ውስጥ ሐበሻ ለሐበሻ ቀጠሮ ሲሰጥ ይህን የማይጠይቅ የለም። ክርስትና ሲጠሩን፣ ኤርፖርት እንግዳ ተቀበሉልን ሲሉን፣ «በእኛ ነው በፈረንጅ?» እንላለን፤ ከዚያ የተሳሳተ ሰው ታሪክ ይነሣና እንስቃለን። እኔ ግን ስጠይቅ ስቄ አላውቅም። ጓደኞቼ ቀልድ የማይገባው፣ ነገር የሚያከር ሰው ነው ይሉኛል። ይበሉ። ይህን ጥያቄ መጠየቅ በነበረብኝ ቀን ሳልጠይቅ ቀርቼ ስንት ሰው እንዳለቀ የት ያውቃሉ።

ጊዜው በፈረንጅ ዘጠና አምስት፣ ኅዳር ነው። የምኖረው ሬክስዴል የሚባል ሰፈር፣ የምሠራው ኤርፖርቱ አጠገብ የጠርሙስ ክዳን የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሶቪየት ኅብረት ስድስት ዓመት ወታደራዊ ምህንድስና ተምሬ ያመጣሁትን ዲፕሎማ አንዲት ሠራተኛ ቀጣሪ አገላብጣ አየችውና «ካናዳ ውስጥ የሥራ ልምድ አለህ?» አለችኝ። ድልድይ የማፍረስ ልምድ አለኝ አይባል ነገር፣ የለኝም አልኩና ክዳን ቆጠራ ገባሁ። በእኛ ሰዎች ዘንድ ግን ማዕረጌ አልወረደም። ቤተ ክርስቲያንም፣ ለቅሶ ቤትም፣ የሚጠሩኝ «ሻምበል» ብለው ነው።

ወይዘሮ ቦጋለች የውብአለም እናት ናቸው። ልጅቱ ስፖንሰር አድርጋ ካመጣቻቸው ሁለት ዓመት ሆኗል፤ ሴንት ጄምስ ታውን፣ አሥራ ስምንተኛ ፎቅ ላይ አብረው ይኖራሉ። ወንዱ ልጃቸው ተሻገር ጦሩ ውስጥ በሕክምና የሚሠራ መቶ አለቃ ነበር። ከሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት ሚያዝያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ሞተ ያለ የለም፤ ተማረከ ያለም የለም። በዓመቱ መንግሥት ወደቀ፣ ጦሩ ተበተነ፣ መርዶ የሚልክ አለቃም ጠፋ። እናቱ ስለዚህ አላለቀሱም፣ ጥቁርም አልለበሱ። ቅዳሴ ሲያበቃ ወታደር ነበር የተባለውን ሁሉ እጁን ይዘው «ተሻገር የሚባል ሐኪም አታውቅም?» ይላሉ። ሰው ያዝንላቸዋል፤ በሚቀጥለው እሑድ ግን በሌላ በር ይወጣል።

እኔም ሁለት ጊዜ በሌላ በር ወጥቻለሁ። በሦስተኛው ውብአለም ያዘችኝ። ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ የዋለች ሴት ናት፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። «እማዬ እያለቀችብኝ ነው፤ እኔም ታየርድ ሆኛለሁ» አለችኝ። «በየበዓሉ የሱን ድርሻ ለብቻ ታስቀምጣለች። በነጋታው እኔ ለላንች ይዤው እሄዳለሁ፣ እሱ በላው እንድትል። ካወቅክ ንገረኝ፣ ካላወቅክም አላውቅም በል።» አላውቅም ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ሞቷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ» የሚል ሆነ።

እንዴት እንደሞተ አልጠየቀችኝም። አመስግናኝ ሄደች። እድሩን ለሚመሩት ለአቶ ወልደ ሚካኤል ነገሩ ደረሰ፣ እሳቸው ሽማግሌ ሰበሰቡ፣ እኔም ምስክር ሆኜ እንድገኝ ተጠራሁ። እስከ ቅዳሜ አራት ቀን ነበረኝ። በአራቱም ቀን ክዳን እየቆጠርኩ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ለኚህ እናት «ልጅዎ ሞቷል» ብዬ ላቁም፣ ወይስ «የገደልኩት እኔ ነኝ» እስከማለት ልሂድ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰማንያ ሁለት ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ መቶ አለቃ ነኝ፣ ትምህርቴም ናላዬ ላይ ወጥቷል። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለእኔ ነው። ከሞስኮ ይዤው የመጣሁትን የእጅ ሰዓት እንኳ ወደ አገሬ አቆጣጠር አልመለስኩትም። ከጠቅላይ መምሪያ በጽሑፍ የሚመጣው ትእዛዝ በፈረንጅ ሰዓት ስለነበር «ወታደር በሁለት ዓይነት ሰዓት አይኖርም» እያልኩ በሰው ላይ እቀልድ ነበር። ሬዲዮ ላይ ግን አዛዦቹ እንደ ማንም ሰው፣ በእናታቸው ቤት ሰዓት ነበር የሚያወሩት። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር።

ድልድዩ ጥልቅ ገደል ላይ የቆመ፣ ሦስት የድንጋይ ቅስት ያለው የድሮ ድልድይ ነበር። አንድ ብርጌድ ማዶ እየተዋጋ ወደ እኛ ያፈገፍጋል፤ እሱ ሲያልፍ ድልድዩን እናፈርሳለን፤ የእኔ ሥራ ይኸው ነበር። ከሃያ አራት ሰዎቼ ጋር ሦስት ቀን ሙሉ በገመድ እየተንጠለጠልን ቅስቶቹ ሥር ፈንጂ ስናስር ቆየን።

ተሻገርን ያገኘሁት በዋዜማው ነው። ቀይ መስቀል የተቀባች ካሚዮን ቁስለኛ ጭና ከማዶ መጣች፤ አብሯት የመጣው ሐኪም ቁስለኞቹን ለኋላ ጦር አስረከበና ሊመለስ ሲል ውኃ ለመነኝ። ኮዳዬን ሰጠሁት። ስሙን ሲነግረኝ «ተሻገር ተብለህ ተመልሰህ ትሄዳለህ?» ብዬ ቀለድኩበት። ውኃው በአፍንጫው እስኪወጣ ሳቀ። ማዶ ገና አርባ ቁስለኛ እንዳለው፣ በነጋታው ከሰዓት በኋላ ይዟቸው እንደሚመጣ ነገረኝ። «እስከዚያ ድልድይህን ጠብቅልኝ» አለኝ። አይዞህ አልኩት።

በነጋታው ረፋዱ ላይ ሬዲዮ ኦፕሬተሩ ከብርጌዱ አዛዥ በሬዲዮ ሰምቶ በእርሳስ የጻፈውን ወረቀት አመጣልኝ። «ድልድዩ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይፍረስ» ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም። የእጄን ሰዓት አየሁ፤ በፈረንጅ ዘጠኝ ከሩብ ይላል። ሁለት ሰዓት እንኳ የለኝም ማለት ነው። ጠላት ቀርቦ ዕቅዱ ተለውጧል ብዬ ሰዎቼን ማጣደፍ ጀመርኩ።

ሃምሳ አለቃ ባልቻ በዕድሜ በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኛል። ፈንጂን ከመጽሐፍ ሳይሆን በጣቱ የተማረ፣ ከነዚያ ጣቶቹም ሁለቱን የከፈለ ሰው ነው። ወረቀቱን በትከሻዬ በኩል አየና «ጌታዬ፣ በእኛ ነው በፈረንጅ?» አለኝ። ሰው ሁሉ በሰማበት ነው ያለኝ። ሬዲዮው ሃያ እርምጃ አይርቅም፤ «እስቲ ጠይቅልኝ» ብል ያበቃ ነበር። እኔ ግን የሃምሳ አለቃ እርማት ከበደኝና «ሃምሳ አለቃ፣ ይሄ ጦር ነው፣ የገበያ ቀጠሮ አይደለም» አልኩት። ወታደሮቹ ሳቁ። ባልቻ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሽቦው ሄደ።

ሰዓቴ አሥር ተኩል ሲል ጥርጣሬ ገባኝ። ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ ማለቱ ትዝ አለኝ። ልጠይቅ ብዬ ሁለት እርምጃ ወደ ሬዲዮው ተራመድኩ፤ ባልቻ ቀና ብሎ ሲያየኝ ተመለስኩ። በሱ ላይ አስቄበት አሁን እሱ ያለውን ልጠይቅ? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። እኔ የወለድኩት አልነበረኝም። የጠፋው የወይዘሮ ቦጋለች ነው።

የሞስኮው ሰዓቴ አስራ አንድ ሲል አፈረስኩት። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ ሦስቱም ቅስት ባንድ ጊዜ ገደል ገባ። አቧራው ሳይቀመጥ ኦፕሬተሩ እየሮጠ መጣ፤ ብርጌዱ ምን ፈነዳ እያለ ይጠይቃል። ትእዛዙ የእኛን አስራ አንድ፣ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ያለውን ነበር። እኔ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ አፍርሼዋለሁ። ባልቻ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

ስምንት ሰዓት ገደማ፣ በእኛ ነው የምላችሁ፣ መኪኖቹ ማዶ ደረሱ። እግር ያለው በገደሉ እየተንከባለለ ወረደ፤ እኛም ገመድ ጥለን ብዙ ሰው አወጣን። ቁስለኛ ግን ገደል አይወርድም። ተሻገር በገመድ መምጣት ይችል ነበር። አልመጣም። አሥር ሰዓት ሲሆን የጠላት መድፍ ማዶውን ማረስ ጀመረ። ካሚዮኗ ስትቃጠል በመነጽር አየሁ፤ እሱ አንዱን ሰው በብብቱ ይዞ ወደ ኋላ ይጎትታል። ሌላ ጥይት ወደቀ። ጢሱ ሲገለጥ የሚጎትትም የሚጎተትም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር ዛሬም አፍራለሁ። የብርጌዱ አዛዥ እዚያው ሞተ፤ ወረቀቱም የት እንደገባ አልታወቀም። የበላዮቹ ያዩት ጠላት ገደሉን መሻገር አለመቻሉን ብቻ ነው። «ፈጣንና ቆራጥ ውሳኔ» ተብሎ ሻምበልነት ተሰጠኝ። ሹመቱ ሲነበብ ባልቻ ሦስት ጣት በቀረው እጁ ሰላምታ ሰጠኝ። ቢሰድበኝ በወደድኩ።

ቅዳሜ አቶ ወልደ ሚካኤል ገና ጨለማው ሳይለቅ በመኪናቸው ወሰዱኝ። ስድስት ሆነን ኤሌቬተር ውስጥ ገባን፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አምስተኛ ፎቅ ላይ የምሳ ዕቃውን የያዘ ሠራተኛ ሊገባ ብሎ ፊታችንን ሲያይ ወደ ኋላ ተመለሰና ሌላውን ጠበቀ። በሩን የከፈቱልን ወይዘሮ ቦጋለች ራሳቸው ናቸው፤ ዳዊታቸውን እንደያዙ። በዚያ ሰዓት ስድስት ሰው በር ላይ ቆሞ ሲያዩ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። «ግቡ፤ ቆማችሁ አትንገሩኝ» አሉ።

ገባን። አቶ ወልደ ሚካኤል እንደ ወጉ ከሩቅ ጀመሩ፤ የእግዜር ሥራ፣ የዓለም ከንቱነት። ወይዘሮ ቦጋለች አቋረጧቸውና «ማን አየው?» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ ነኝ አልኩ። ስሙን በአፉ ነግሮህ ነበር ወይ አሉኝ፤ ነግሮኛል አልኩ፤ መልኩን ጠየቁኝ፣ ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ ነገርኳቸው። የማልረሳውን ስሕተት የሠራሁት ያኔ ነው። ልባቸው እንዲያርፍ ብዬ «ከኮዳዬ ውኃ ጠጥቷል» አልኳቸው። እጄን ያዙና ሳሙት። መዳፌን ግንባራቸው ላይ አድርገው «ልጄን ያጠጣ እጅ» እያሉ የአምስት ዓመቱን ለቅሶ ባንድ ጊዜ አወጡት። እጄን መንጠቅ ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጎርፍ ዋለ። የሕንፃው ዘበኛ ጩኸቱን ሰምቶ ወጣ፣ ውብአለም በእንግሊዝኛ «ወንድሜ» ስትለው ኮፍያውን አውልቆ ተመለሰ። ወይዘሮ ቦጋለች እኔን ከጎናቸው፣ ከቤተ ዘመዱ መደዳ አስቀመጡኝ። የሚገባው ሁሉ «እግዜር ያጽናችሁ» እያለ በየተራ ሲጎነበስ ለእኔም ይጎነበሳል። ለገደልኩት ሰው ሐዘንተኛ ሆኜ ማጽናኛ ተቀበልኩ። ከዚያ በላይ ልቋቋመው አልቻልኩም፤ ልነግራቸው ቆረጥኩ።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ለፋብሪካው አሞኛል ብዬ ኮል አድርጌ ቀረሁ። ሳሎኑ ሰው ሞልቶታል። ወይዘሮ ቦጋለችን መኝታ ቤት ብቻቸውን አገኘኋቸውና በሩን ዘጋሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ። ምንም አላስቀረሁም፤ ወረቀቱን፣ የሞስኮውን ሰዓት፣ ባልቻ የጠየቀኝን፣ እኔ የመለስኩትን፣ ወደ ሬዲዮው ተራምጄ መመለሴን። ስጨርስ እርግማናቸውን ጠበቅኩ። እውነት ለመናገር እርግማኑን ፈልጌው ነበር።

«ይህን ለማን ነግረሃል?» አሉኝ።

«ለማንም አልነገርኩም።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን ነገርከኝ?»

እውነቱን እንዲያውቁት ብዬ ነው አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይደለም። ሊቀልልህ ፈልገህ ነው። አምስት ዓመት ተሸክመኸው ከበደህና ለእኔ ልታሸክመኝ መጣህ። እኔ ልጄን ነው የምሸከመው። ያንተን አልችልም።»

መንበርከክ ጀምሬ ነበር። «ተነሥ» አሉኝ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከሳሎን የሴቶቹ ለቅሶ ይሰማል። ወደዚያ ጠቆሙኝ።

«እነዚህ ሴቶች ምን ብለው ያልቅሱለት? ሰዓት ተሳስተውበት ሞተ ብለው? እንዲህ ያለ ሙሾ ሰምተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ እማማ።»

«ቁስለኛ ትቼ አልመጣም ብሎ መቅረቱስ፣ እውነት ነው ወይስ ለእኔ ብለህ ነው?»

«እሱ እውነት ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እንግዲያው ድልድዩን ጠላት አፈረሰው። ልጄ ደግሞ ሰው ጥዬ አልሄድም ብሎ ቀረ። አሁን ወጥተህ ይህን ትነግራቸዋለህ። የቀረውን አንተው ያዘው። ይቅርታ እንዳትጠይቀኝ፤ የለኝም።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ቀድመውኝ ወጡ። ሳሎን ሲደርሱ ሰዉን ዝም አስባሉና «ሻምበል ያየውን ይንገራችሁ» አሉ። ቆምኩ። ጠላት ሌሊቱን ሾልኮ ድልድዩን እንዳፈረሰው፣ ብርጌዱ ገደሉን ሲወርድ ተሻገር ከአርባ ቁስለኛ ጋር እንደቀረ ተናገርኩ። ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ሐዘን መሰላቸው። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። ስመኝ የምትባል ሙሾ የምታውቅ ሴት ከጥግ ተነሥታ፣

«ተሻገር ብላ ስም እናት ብታወጣ፣
ቁስለኛ ትቶ ማን ተሻግሮ ይመጣ»

ስትል ቤቱ ተናወጠ። እኔ የቀለድኩበትን ስም እሷ አለቀሰችበት። ወይዘሮ ቦጋለች ደረታቸውን እየደቁ፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ልጃቸውን በወጉ አለቀሱ። ደስ አለኝ ብል ይገርማችሁ ይሆናል፤ ለእሳቸው ደስ አለኝ። ለራሴ ግን በዚያች ሰዓት በሩ እንደተዘጋብኝ አውቄአለሁ።

እነሆ አራት ዓመት ሊሆነው ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ ሙት ዓመቱ ሲወጣ እጠራለሁ፣ ሰው በልቶ ሲጨርስ አቶ ወልደ ሚካኤል ተናገር ይሉኛል፣ እኔም እናገራለሁ። ታሪኩ አድጓል። እዚህ ያደጉት ወጣቶች በእንግሊዝኛ ዝርዝር ይጠይቁኛል፤ ጠላት ፈንጂውን የት የት አሰረው፣ ሽቦውን በየት አወረደው፣ ሦስቱ ቅስት ባንድ ጊዜ እንዴት ወደቀ ይሉኛል። በወረቀት ሥዬ አሳያቸዋለሁ። ሁሉንም በልኩ ስለማውቅ ሥዕሉ ያምራል፤ ባለፈው ዓመት አንዷ ልጅ፣ ምህንድስና የምትማር፣ ያፈረሱት ሰዎች ሥራቸውን ያውቁ ነበር ብላ አደነቀች። ወይዘሮ ቦጋለች ያኔ ቀና ብለው አዩኝ። በተናገርኩ ቁጥር እስክጨርስ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አያነሡም፤ ቃል እንዳላጎድል፣ ቃልም እንዳልጨምር።

ዘንድሮም ጠርተውኛል። ፋብሪካው ሺፍት እንዲቀይርልኝ ጠይቄአለሁ።